ለድሬ ግቢ የትኛው ሽንት ቤት ይሻላል? ከመቆፈራችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ሽንት ቤት ልትሠሩ ነው? ወይስ የድሮው ሞልቶ ግንበኛ እያፈላለጋችሁ ነው? እንግዲያው ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ሰው ቤት ሲሠራ ለሳሎኑ ሴራሚክ አገር ምድሩን ያማክራል። ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን ግንበኛው «ተዉት፣ እኔ አውቃለሁ» ካለ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ጉድጓዱ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል፣ ወይ ሽታው መግቢያ መውጫ ያሳጣል፣ ወይ ደግሞ ሲሞላ የሚመጠው መኪና ግቢው ጋ መድረስ ያቅተዋል።

ሽንት ቤት በመልኩ አይመረጥም። ሦስት ነገር ጠይቁ። መሬታችሁ ምን ዓይነት ነው? ውሃ በየቀኑ ይመጣል ወይስ በፈረቃ? ሲሞላስ ማን፣ በምን ያነሳዋል? እነዚህን ሳትመልሱ «ይሄኛው ይሻላል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ስትመልሷቸው ግን አብዛኛው ምርጫ እዚያው ያልቃል።

ለምን ይሄን ያህል እንጨነቃለን?

ልጆች ስለሚታመሙ ነው፣ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ከታመመ ሰው የወጣ ዓይነምድር በእጅ፣ በዝንብ፣ በውሃና በአፈር በኩል ዞሮ ዞሮ ሰው አፍ ይገባል። ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ወስፋት ሁሉ መንገዳቸው ይሄው ነው። መንጠቆ ትል ደግሞ አፍም አያስፈልገው፣ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሕፃን ልጅ ደጋግሞ ሲያስቀምጠው የበላው ሰውነቱ ላይ አይውልም፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ትምህርት ላይም ወደኋላ ይቀራል። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ የሚፈለፈለው በአብዛኛው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ እምብዛም አይራባም። ስለዚህ ሽንት ቤት መሥራት ዓይንንም ያድናል።

አገራችን በዚህ በኩል ብዙ ርቀት ሄዳለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት አሐዝ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሕዝባችን 92 ከመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ይሄ ወደ 29 ከመቶ ወርዷል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ጉድጓድ መቆፈር አንድ ነገር ነው፣ ንጹሕ ሽንት ቤት መኖር ሌላ።

ድሬ ላይ ደግሞ ሁለት የራሳችን ነገር አለ። አንደኛው፣ የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የሳቢያን ሰፈር የውሃ ጉድጓዶች ያሉት ከከተማው ሥር ነው፣ እኛ ደግሞ ከላይ ሆነን ሽንት ቤት እንቆፍራለን። አሸዋማ መሬት ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። ከሽንት ቤት የሚሰርገው ውሃ ናይትሬት ይዞ ይወርዳል፣ የከተማችን የከርሰ ምድር ውሃ ላይም ከፍ ያለ ናይትሬት መኖሩ በጥናት የታየ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው፣ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ይሄን ልብ በሉ፦ ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ናይትሬቱ ይበረክታል። ክሎሪንም አይነካውም። መፍትሔው ያለው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጋ ነው።

ሁለተኛው የደቻቱ ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ የማያስታውስ ድሬ ውስጥ የለም፤ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ያን ዓይነት ጎርፍ ባይመጣም እንኳ፣ በየክረምቱ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ዝቅ ያለ ሽንት ቤት ውስጥ ገብቶ ያለውን ሁሉ ግቢ ላይ ይዘረግፋል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ ደቻቱን የቆሻሻ መጣያ ያደረጉት ሰዎች አሉ፤ ሌሊት ሽንት ቤት አስቀድተው እዚያ የሚያስደፉም አሉ። አቦ ይሄ ነውር ነው። ጎርፉ ሲመጣ የሚወርደው ወደ ሌላ ሰው ደጅ፣ ወደ ሌላ ሰው ከብት መጠጫ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱት የእኛው ልጆች ናቸው።

ተራ ጉድጓድ፣ ግን በደንብ የተሠራ

ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። በደንብ የተሠራ ተራ ጉድጓድ፣ ውሃ ከሌለው ሴራሚክ ሲት በብዙ ይበልጣል።

«በደንብ» ስል ምን ማለቴ ነው? መጀመሪያ ወለሉ። እንጨት ረብርቦ ጭቃ መምረግ ይቅርባችሁ፤ ምስጥ ይበላዋል፣ ሽንት ይጠጣል፣ አይጸዳም፣ አንድ ቀንም ሰው ይዞ ይገባል። የአርማታ ሶሌታ አስደፉ። 1 ሜትር በ1 ሜትር ለሆነ ጉድጓድ በየጎኑ 1 ሜትር ከ20 ወይም ከ30 የሆነ፣ 8 ሳንቲ ውፍረት፣ 8 ሚሊ ፌሮ በየ15 ሳንቲው። ሲሚንቶ 1፣ አሸዋ 2፣ ጠጠር 3። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፣ አርማታውን በአንድ ቀን ታደርቀውና ይሰነጠቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ለ7 ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ አጠጡት። ይሄን ግንበኛው አያደርግላችሁም፣ ሥራውን ጨርሶ ስለሚሄድ የእናንተ ድርሻ ነው። ቀዳዳው ከ18 ሳንቲ በላይ አይስፋ፣ ሕፃን እግሩ ሊገባበት ይችላል። እጀታ ያለው ክዳንም ይኑረው።

ቀጥሎ ግድግዳው። አሸዋማ መሬት ላይ ያልተገነባ ጉድጓድ መናዱ የማይቀር ነው፣ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። በብሎኬት ወይም በድንጋይ አስገንቡት። የላይኛውን ግማሽ ሜትር በሲሚንቶ ድፈኑ፣ ከዚያ በታች መጋጠሚያው ክፍት ይሁን፣ ፈሳሹ በዚያ ይሰርጋል። ወደ ኮረብታው ግርጌ ድንጋያማ መሬት ላይ ያላችሁ መናድ ብዙም አያሰጋችሁም፣ የእናንተ ችግር መቆፈሩ ነው። ጥልቀት እምቢ ካለ በወርድ ያዙት፣ ወይም ከመሬት በላይ ከፍ አድርጋችሁ ገንቡ።

ስንት ዓመት ያገለግላል? ይሄን ማስላት ይቻላል። አንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ጠጣር ያጠራቅማል። ስድስት ሰው ካላችሁ በ60 ስናሰላው 360 ሊትር ነው። 1 በ1 ሆኖ 3 ሜትር የወረደ ጉድጓድ፣ የላይኛውን ግማሽ ሜትር ባዶ ስትተዉ 2,500 ሊትር ይይዛል። ወደ 7 ዓመት ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ሦስት ዓመት ተኩል። ይሄ እንግዲህ ሌላ ነገር ካልተጣለበት ነው። ፌስታል፣ ሞዴስ፣ ዳይፐርና የጫት ገረባ የሚወረወርበት ጉድጓድ የዚህን ግማሽ እንኳ አይቆይም። ገረባ ይበሰብሳል ብላችሁ አትጽናኑ፣ መምጠጫ ቱቦውን የሚዘጋው ግንዱ ነው።

ጉድለቱ ሽታውና ዝንቡ ነው። በእኛ ሙቀት ደግሞ ሁለቱም ይብሳሉ። ለዚህ መፍትሔው ቀጥሎ ያለው ነው።

ባለ አየር ማስወጫው

ይሄኛው ያው ጉድጓድ ነው፣ ቱቦ ተጨምሮበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ ፒተር ሞርጋን የሚባል ተመራማሪ ነው የፈጠረው፣ የእኛን በመሰለ ፀሐይ ውስጥ። አሠራሩ ቀላል ነው። ነፋስ የቱቦውን አናት ሲያልፍ ከውስጥ ያለውን አየር ይስባል፣ ፀሐይም ቱቦውን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ፈንታ ንጹሕ አየር በሩ በኩል ገብቶ በቀዳዳው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ሽታው ቤቱ ውስጥ አይቀርም። ዝንቡ ደግሞ ብርሃን ስለሚከተል በቱቦው ወደ ላይ ይወጣና ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ድሬ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ፀሐይና ነፋስ የሞላን አገር ነን። ችግሩ ብዙ ቦታ ቱቦው ለስም ብቻ ነው የሚተከለው። መጋላ ሰፈር አንድ ጎረቤት ግቢ ያለውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ቱቦው ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች ቀርቷል፣ ወንፊቱ ዝጎ ጥግ ጥጉን ተበልቷል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ብርሃን ይግባ» ተብሎ ሰፊ መስኮት ተከፍቷል። ዝንቡ ቱቦውን ምን ብሎ ይፈልገዋል? መስኮቱ አለለት። ባለቤቶቹ «ባለ ቱቦ ሠርተን ነበር፣ አልሠራም» ይላሉ። ያልሠራው አሠራሩ ነው።

ስለዚህ ቱቦው ቢቻል 15 ሳንቲ፣ ቢያንስ 11 ሳንቲ ስፋት ይኑረው። ከጣሪያው በላይ ግማሽ ሜትር ይውጣ። ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ሆኖ ጥቁር ቢቀባ ይመረጣል። ጫፉ ላይ የማይዝግ ወንፊት ይታሰር፣ ተራው ሽቦ በጉድጓዱ ጋዝ ቶሎ ይበላል። ቤቱ ውስጥ ጨለም ይበል። ከሌላው ሽንት ቤት በተለየ የዚህን ቀዳዳ አትክደኑት፣ አየሩ የሚወርደው በእሱ ነው። መሥራቱን ለማየት ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ቀዳዳው አናት ላይ ያዙ። ወደ ታች ከተሳበ ሠርቷል። ወደ ፊታችሁ ከመጣ ግንበኛውን ጥሩት።

ጉድለቱ? ጨለማውን ልጆች ይፈሩታል። ሽማግሌም ይቸገራል፤ ግድግዳው ላይ አንድ የብረት መያዣ አስተክሉለት።

በጆግ ውሃ የሚገፋው

እውነቱን ለመናገር፣ ለአብዛኛው የድሬ ግቢ ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው። እዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ብዙው ሰው በውሃ ነው የሚታጠበው፤ ጆጉ ወይም ባልዲው ሽንት ቤቱ በር ላይ አይጠፋም። እንግዲህ ያው ውሃ ሥራ ይሥራ። የቱርክ ሰሃኑ ሥር ሲፎን፣ ማለትም ውሃ የሚቋጥር ጎባጣ ቱቦ፣ ይገጠማል፣ ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃ ሽታውንም ዝንቡንም በረሮውንም ይዘጋል። ለአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃዋል። ባለ ታንከሩ ሲት ከ6 እስከ 9 ሊትር፣ የድሮው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ስምንት ሰው ባለበት ቤት በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት።

ጉድጓዱ ከቤቱ ሥር መሆን የለበትም፣ ጎን ላይ ይቆፈራል። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው። ወለሉ ይዟችሁ ይገባል የሚል ስጋት የለም፣ ሲሞላም ቤቱን ሳታፈርሱ ታስመጥጣላችሁ። ቦታ ካላችሁ ሁለት ጉድጓድ አስቆፍሩ። አንዱ ሲሞላ መስመሩን ወደ ሌላው ታዞራላችሁ፣ የሞላው ቢያንስ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ይቀመጣል። ሲከፈት አፈር ሆኗል፣ በአካፋ ይወጣል፣ መኪናም አያስፈልገው። ሕንድ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት በዚህ መልክ ነው የሚሠራው። መኪና በማይገባባቸው በመጋላ ጠባብ መንገዶች ላሉ ቤቶች ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሲፎን ለመግጠም አቅም ካልፈቀደ፣ ወይም ውሃው ከዚያም ያነሰ ከሆነ፣ ሳቶ የሚባለው የፕላስቲክ ሰሃን አለ። ሥሩ ላይ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለው። ጥቂት ውሃ ሲፈስበት ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ያለውን ተራ ሶሌታ ቀዳዳ ላይ በሲሚንቶ ማስያዝ ይቻላል። በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ውሃ ስለሚበዛበት ወደ መሬት የሚሰርገውም ይበዛል። የጉድጓድ ውሃ ያለው ግቢ ውስጥ ከሆነ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከተቻለም ቁልቁል ባለው በኩል ይሁን። የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ይበል። ሶፍት የበዛበትና ድንጋይ የሚጣልበት ሲፎን ደግሞ ይደፈናል። ሌላው ውሃ ማጠራቀሙ ነው። ሽንት ቤቱ በር ላይ ክፍት በርሜል ካስቀመጣችሁ የቀን ትንኝ እያረባችሁ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳስተኛት እናውቃለን። ትንኟ የምትፈልገው ንጹሕ የቆመ ውሃ ነው። በርሜሉን ክደኑት፣ በሳምንት አንዴም ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን ፈትጉት፣ እንቁላሏ የሚጣበቀው እዚያ ነው።

ሴፕቲክ ታንክ

አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ «ሴፕቲክ አለኝ» ይላል። ብዙው ግን ሴፕቲክ አይደለም፣ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ወለሉ በአርማታ ተለስኗል ወይ? ካልተለሰነ በቃ ጉድጓድ ነው፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደምንጠጣው ውሃ እየወረደ ነው። እውነተኛው ሴፕቲክ ውሃ የማያሳልፍ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፤ ጠጣሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ያልፍና ከዚያ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። ማስረጊያው ከሌለ ግማሽ ሥራ ነው። ወደ መንገድ ቦይ ማስወጣት ደግሞ ወንጀል መሥራት ነው።

ምቾቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ውሃ ይፈልጋል፣ በየ2 እስከ 5 ዓመት መመጠጥ ይፈልጋል፣ መኪና መግቢያ ይፈልጋል። ውሃ በማይጠፋበት፣ መንገዱ ሰፊ በሆነበት፣ እንደ ከዚራና ሳቢያን ባለ ሰፈር ከሆናችሁ አቅሙ ካለ ይሁን። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣላችሁ ከሆነ ግን ሲቱ ላይ ጀሪካን እየደፋችሁ ልትኖሩ ነው፣ ያውም ከጆጉ ሽንት ቤት ሁለትና ሦስት እጥፍ። በረኪና አታብዙበት፣ ቆሻሻውን የሚበላውን ባክቴሪያ ይገድለዋል። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ውሃውንም ለብቻው አውጡት።

ደረቁ ዓይነት

ሽንትና ዓይነምድርን የሚለያይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ፣ አመድ የሚደፋበት አለ። ድንጋይ ላይ ወይም ጎርፍ በሚተኛበት ቦታ ጥሩ ነው፣ ለከርሰ ምድር ውሃም ከሁሉ ይሻላል። ነገር ግን ውሃ ከገባበት ይበላሻል፣ እኛ ደግሞ በውሃ የምንታጠብ ሰዎች ነን። መታጠቢያውን በሌላ ቀዳዳ መለየት ይቻላል፣ ግን ቤተሰቡ ሁሉ፣ እንግዳውም ጭምር፣ መልመድ አለበት። እኔ ለብዙ ሰው አልመክረውም።

የጋራው

አሁን ወደ እውነታው እንምጣ። ስንቶቻችን ነን የራሳችን ሽንት ቤት ያለን? ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ተከራይ፣ ለሁሉም አንድ ሽንት ቤት፣ ቁልፉ ምስማር ላይ። ለተፈናቃይ መጠለያ ካምፕ እንኳ የሚሠራበት መለኪያ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ነው። ከዚያ በላይ ሰው በአንድ ሽንት ቤት የምታኖሩ አከራዮች፣ ኪራይ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ክፍል ጨምሩ። ይሄን ስል ከልቤ ነው። ሴት ልጅ ሌሊት ላለመውጣት ብላ ማታ ውሃ ሳትጠጣ ስትተኛ ሰምቻለሁ፤ ሽንት መቋጠር ለኢንፌክሽን ይዳርጋል፣ ጨለማ ውስጥ መውጣቱም ያስፈራል። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አንድ አምፖል፣ ለሞዴስ መጣያ ክዳን ያለው ባልዲ። ብዙ ብር አይደለም።

ተከራዮች ደግሞ ተራ ያዙ። «ሁላችንም እናጸዳለን» የሚባል ነገር ማንም አያጸዳም ማለት ነው። የሳምንቱን ስም በር ላይ ለጥፉ። ለጋራ የሚሆነው የጆጉ ዓይነት ነው፣ በሁለት ጉድጓድ። ተራውን ጉድጓድ ለብዙ ሰው ማድረግ ሽታ መግዛት ነው።

ሲሞላ

ለብቻው መጻፍ ያለበት ነገር ነው፣ ሰው የሚሞትበት ስለሆነ። የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይገባ። የቀን ሠራተኛ በገመድ አውርዳችሁ አታስቆፍሩ። ውስጡ ያለው ጋዝ አንዳንዱ ሽታውም ሳይታወቅ ሰውን በደቂቃ ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው ሰውም አብሮ ይቀራል። ክዳኑን ከፍታችሁ ክብሪት መጫርም ሆነ ሲጋራ ማጨስ የለም፣ ጋዙ ይቀጣጠላል። መኪና ጥሩ። ከመጥራታችሁ በፊት የቱቦውን ርዝመት ጠይቁ፣ ከመንገዱ እስከ ጉድጓዳችሁ ያለውንም በሜትር ለኩ። የት እንደሚደፋውም ጠይቁት። መልሱ «አትጨነቁ» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። አዲስ ስትሠሩ ደግሞ መምጠጫ አፉን አስቀድማችሁ አስወጡ፣ ሶሌታ መስበር እንዳይመጣ።

ከሽንት ቤቱ ጎን

ጥሩ ሽንት ቤት ሠርታችሁ እጅ መታጠቢያ ካላኖራችሁ ግማሹን ጥቅም ጥላችሁታል። እጅን በሳሙና መታጠብ ብቻውን የተቅማጥ በሽታን ከሦስቱ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ቧንቧ የግድ አይደለም። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር ብሱና ደፍታችሁ እንጨት ላይ እሰሩት፣ ሳሙናውን በካልሲ ወይም በመረብ አድርጋችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉት፣ ማንም ይዞት አይሄድም። ከሽንት ቤት ሲወጣ፣ ልጅ ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራት፣ ከመብላትና ሕፃን ከማጥባት በፊት።

የሕፃን ዓይነምድር ንጹሕ ነው የሚል አጉል እምነት አለ። አይደለም፣ በሽታው ከአዋቂው አያንስም። ፖፖው ሽንት ቤት ይደፋ፣ ቦይ አይደፋ። ልጅ ካስቀመጠው ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ሕይወት አድኑን አምጡ፣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ ዚንኩንም ባለሙያው እንዳዘዘው ጨርሱ። ዓይኑ ከሰረጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ቤት አታቆዩት።

ታዲያ የቱን?

ግቢያችሁ ጠባብ፣ መንገዱ መኪና የማያስገባ፣ ውሃው በፈረቃ ከሆነ የጆጉን ከሁለት ጉድጓድ ጋር ሥሩ። ሁለት ጉድጓድ የሚሆን ቦታ ከሌለ አንድ ሆኖ ሳቶ ይግባበት። ውሃ በሩቅ የሚቀዳ ከሆነ፣ በተለይ ከከተማው ወጣ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ላሉ ዘመዶቻችሁ፣ ባለ ቱቦውን ሥሩላቸው። ከደቻቱ ዳር ወይም ጎርፍ በሚያልፍበት ያላችሁ ደግሞ የትኛውንም ምረጡ፣ ወለሉን ግን ጎርፉ ከሚደርስበት ምልክት በላይ ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውንም በድንጋይ ደልድሉ፤ ምልክቱን የሰፈሩ አሮጌ ሰው ያሳያችኋል። ሴፕቲክ ለመሥራት ገንዘቡ ኖሯችሁ ውሃው ከሌለ፣ ገንዘቡን መጀመሪያ ክዳን ባለው ሮቶ ላይ አውሉት። ተከራይ ሆናችሁ መሥራት ካልቻላችሁ ሳቶና የእጅ መታጠቢያ የእናንተ ናቸው፤ ሲሚንቶ ትንሽ፣ ግማሽ ቀን ሥራ፣ አከራዩም እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም።

ቁፋሮውን ከክረምቱ በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ ጀምሩ። ከግንበኛው ጋር ስትዋዋሉ ጥልቀቱን፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የሶሌታውን ውፍረትና የመምጠጫ አፉን በወረቀት አስፍሩ። ጉድጓዱ ከመሸፈኑ በፊት ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ፣ የመጨረሻውን ክፍያም ከዚያ በኋላ ስጡት። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም መጥታ ቦታውን እንድታይላችሁ ጠይቋት፣ ሥራዋ ነው፣ ክፍያም የለውም።